በአንድ ድምፅ ብልጫ የወጣ ሕግና የጓሳ ሣር

በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሴኔት አንድ ታላቅ ሕግ ለድምፅ ቀረበ። ምክር ቤቱ ኃምሳ ለኃምሳ ተከፈለ። ምክትል ፕሬዚዳንቷ ሚዛኑን የሚደፋውን ድምፅ ሰጡና ሕጉ 51 ለ50 ጸደቀ። በጊዜው በነበረው ግምት ለንጹሕ ኃይልና ለሙቀት አማቂ ጋዞች ቅነሳ የተመደበው ገንዘብ ወደ 370 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ከተቃራኒው ፓርቲ አንድም እጅ አልተነሣለትም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም.፣ ለዚያው ሴኔት ሌላ ሰፊ የግብር ሕግ ቀረበ። ይህ ሕግ የቀድሞውን ዋና ዋና ድጋፎች የሚሰርዝና የሚያሳጥር ነበር። አሁንም ድምፁ እኩል ሆነ፤ አሁንም ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሚዛኑን ደፉት። 51 ለ50 የቆመው 51 ለ50 ተናደ።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ለቀበሌው ነዋሪና ለሠራተኛው ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዋሽንግተን ላይ የሚነሣና የሚወርድ እጅ የሚለቀው ጢስ የሚሰበሰበው በአንድ ሰማይ ሥር ነው። የበልግ ዝናብ ሲዛባ በመጀመሪያ የሚራበው የበልግ ገብስ የሚጠብቀው የመንዝ ገበሬ እንጂ ለሕጉ ወይም በሕጉ ላይ ድምፅ የሰጠው እንደራሴ አይደለም። ስለዚህ የአየር ንብረት ሕግ በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚፈርስ መመርመር የእኛም ጉዳይ ነው።

ነገሩን በጥልቀት ሳይመረምሩ ሁለቱ የአሜሪካ ፓርቲዎች በአየር ጉዳይ ፈጽሞ አይስማሙም ማለት ስሕተት ነው። በ1983 ዓ.ም. ኅዳር ወር የንጹሕ አየር ሕጋቸው ሲሻሻል፣ የአሲድ ዝናብ የሚያመጣውን የድኝ ጢስ ከኃይል ማመንጫዎች ለመቀነስ ሁለቱም ወገኖች በከፍተኛ ብልጫ ደግፈውታል። የፈረሙትም የሪፓብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አባትዬው ነበሩ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ አንድ ስምምነት ተደርሶ ነበር፤ ለፍሪጅና ለአየር ማቀዝቀዣ የሚያገለግሉትን ሃይድሮፍሎሮካርቦን የተባሉ ጋዞች ለመቀነስ የታለመ ነው። የአሜሪካ ሴኔት ይህን ስምምነት በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ69 ድምፅ ሲቀበለው የተቃወሙት 27 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ከምን መጣ? ማቀዝቀዣ የሚሠሩት ኩባንያዎች ምትክ ጋዙን አዘጋጅተው ስለ ነበረ ስምምነቱ ገበያ እንጂ ኪሣራ አላመጣባቸውም። የሁለቱም ፓርቲ እንደራሴዎች ጥቅሙን በየግዛታቸው አዩት። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ጉዳይ ሲነሣ ግን የከበርቴው ጥቅም ሌላ መልክ ይይዛል፤ ወዲያውም ስምምነቱ ይሟሽሻል።

ከዚህም በላይ አንድ የሚያስተምር ነገር አለ። በሐምሌ 1989 ዓ.ም. ያው ሴኔት ስለ አየር ንብረት በ95 ለ0 ተስማምቶ ነበር። የተስማማው ግን ምን ላይ ነው? ታዳጊ አገሮችን ቅነሳ የማያስገድድ ወይም የአሜሪካን ኢኮኖሚ በብርቱ የሚጎዳ ውል አሜሪካ እንዳትፈርም ነው። ለብዙ ዘመን ካርቦን ሲለቅ የኖረውና ገና መብራት ያልገባለት ገበሬ እኩል ይሸከሙ የሚል ስምምነት የሙሉ ምክር ቤት ድምፅ አገኘ። ስለዚህ የፓርቲዎች ስምምነት በራሱ መልካም ነገር አይደለም። መመዘን ያለበት ማን ምን እንዲተው፣ ማንስ ምን እንዲያገኝ ተስማሙ በሚለው ነው። የፓሪሱ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ አሜሪካ በ2013 ዓ.ም. ወጣች፤ በዚያው ዓመት ተመለሰች፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና እንድትወጣ ትእዛዝ ተሰጠ። ዓለም በሙሉ የአንድ አገር የምርጫ ሣጥን እየጠበቀ ሊኖር አይችልም።

ታዲያ የጸና ስምምነት የት ይገኛል? ለዚህ መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መሐል ሜዳን አልፎ ወደ ጓሳ መውጣት ይበቃል።

የመንዝ ጓሳ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫማ ደጋ ነው። ውኃው በአንድ በኩል በመርሐቤቴ ቆላ አቋርጦ በጀማ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በሌላ በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይቆለቆላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ለገበሬው ግን ጓሳ ከሁሉ በፊት ሣር ነው። ለጎጆው ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳው፣ በድርቅ ዘመን ለበጎቹና ለከብቶቹ ግጦሽ ይሆነዋል። ሣሩ ካለቀ ጎጆው ያፈሳል፤ አፈሩ ይታጠባል፤ በሥሩና በአፈሩ የታመቀው ካርቦንም ይበተናል።

ይህን ሣር ለአያሌ መቶ ዓመታት የጠበቀው ቄሮ የተባለ የሕዝብ ሥርዓት ነበር። ባለ ርስቶቹ ከሁለት አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ የሚወለዱ ሁለት ወገኖች ነበሩ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን አለቃ ይመርጥ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ጓሳ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስም በበጋ ይከፈታል። ደንቡን የጣሰ ጠንካራ ቅጣት ያገኘዋል። በዘመኑ አነጋገር ሁለት ፓርቲ፣ አንድ ሕግ ማለት ነው። አስቦ ቢያጭድ ጌራ ዝም አይልም፤ ጌራ ቢያጭድ አስቦ ዝም አይልም። ሁለቱም ዝም የማይሉት የሁለቱም ጣራ የሚከደነው በዚያው ሣር ስለ ሆነ ነው።

ይሁን እንጂ ቄሮን እንከን የሌለው አድርጎ ማወደስ ሐቁን መሸፈን ይሆናል። ሥርዓቱ የቆመው በዘር በሚቆጠር ርስት ላይ ስለ ነበር፣ ከሁለቱ ወገን ያልተወለደው ጭሰኛና ባለ እጅ ባለ ሙሉ መብት አልነበረም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስቱ መሠረት ፈረሰ፤ ቄሮም አብሮ ወደቀ። የዘር ልዩነቱ መወገዱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በወደቀው ጠባቂ ፈንታ ወዲያው ሌላ ጠባቂ ስላልቆመ ጓሳ ክፉኛ ተጎዳ። የሁሉ የሆነው የማንም ሆኖ ታየ።

ቅራኔውን የፈታው ራሱ ሕዝቡ ነው። በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራት ጥበቃውን በዕድር መልክ አደራጁት። የተጠቃሚነቱ መለኪያ ትውልድ መሆኑ ቀርቶ በቀበሌው መኖር ሆነ። ከጊዜ በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። እንግዲህ አንድ ደንብ የንጉሡን ዘመን፣ የደርግን ዘመንና ከዚያም ወዲህ ያለውን ዘመን ቅርጹን እየለወጠ ተሻገረ። ተቃራኒውንም አይተናል። በ1970ዎቹ በብዙ ደጋዎቻችን በዘመቻ የተተከለው የኮረብታ ደን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየሥፍራው ተጨፈጨፈ። ገበሬው ቆፍሮ ተክሎታል፤ የእኔ ነው ግን አላለውም። ለዚህም ነው የመንግሥቱን መውደቅ ሲሰማ መጥረቢያውን ያነሣው።

ይህ ትምህርት ዛሬ ለምን ያስፈልገናል? ኢትዮጵያ የፓሪሱን ስምምነት በ2009 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2013 ዓ.ም. ባሻሻለችው ዕቅድ ደግሞ እስከ 2022 ዓ.ም.፣ ማለትም እስከ 2030 እ.ኤ.አ.፣ ልቀቷ ይደርሳል ከተባለበት መጠን 68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች። ከዚህ ውስጥ በራሷ አቅም እፈጽማለሁ ያለችው 14 በመቶ ነው፤ ቀሪው የውጭ ድጋፍ የሚጠብቅ ነው። ልቀቱስ ከማን ይቆጠራል? በ2004 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ስሌት የሀገሪቱ ልቀት በዓመት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከከብት እርባታ፣ 37 በመቶው ከደን መመናመን የሚመጣ ነው። ሌላው ዓለም ቀንስ የሚባለው ባለ ፋብሪካውን ነው። እኛ ዘንድ ግን መዝገቡ የሚያመለክተው የገበሬውን በሬ፣ በጉንና ማገዶውን ነው። በመንዝ ደጋ ማገዶ ጠፍቶ ኩበት የምታነድ እናት ለእርሻው ፍግ ሊሆን የሚገባውን እያነደደች መሆኗን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። አማራጭ ሳይሰጣት አታንድጂ የሚል ሕግ ቢወጣ በምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ቢያልፍም ከደጃፏ አያልፍም።

በእኛ ምክር ቤት ደግሞ ችግሩ የድምፅ እጥረት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ፓርቲ ከ400 በላይ መቀመጫ ይዟል፤ እጅ ማስነሣት አይቸግረውም። ስለዚህ የሕጉ ጥንካሬ የሚፈተነው ከአዳራሹ ውጭ ነው። የሚፈተነውም ቆላና ደጋው፣ ከተማና ገጠሩ፣ ከብት ያለውና የሌለው የሚተወውንና የሚያገኘውን በግልጽ ሲያውቅ፣ ጠባቂውንም ራሱ ሲመርጥ ነው።

በ2020 ዓ.ም.፣ በ2027 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። በዚያ አዳራሽ የባለጸጎቹ መንግሥታት ተወካዮች እንደ ልማዳቸው የስምምነትን አስፈላጊነት ይሰብኩልን ይሆናል። እኛም የምናቀርበው መልስ አለን። ብዙ የለቀቀ ብዙ ይቀንስ፤ የሚተው ሰው በምትኩ ያግኝ፤ በአንድ የምርጫ ዘመን የሚፈርስ ቃል ዕዳ እንጂ ዕርዳታ አይባል። ይህን በሙሉ አንደበት ለመናገር ግን በመጀመሪያ በየቀበሌያችን የምናወጣው ደንብ ራሱ በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። ተራራ ሲከለል፣ ግጦሽ ሲዘጋ፣ ደን ሲተከል፣ በስብሰባው ላይ የሚገኘው አባል ማን ይጠብቀዋል፣ መቼ ይከፈታል፣ ለማን ይደርሰዋል ብሎ ይጠይቅ። መልስ ሳያገኝም እጁን አያንሣ። የጓሳ ሰዎች ሣራቸውን የዘጉት የሚከፈትበትን ቀን፣ የሚያጭደውንም ሰው አውቀው ነው።