«አልሠራም» ያለው ላፕቶፕ ምን ማለቱ ነበር?

በ2011 ዓ.ም. አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ ላፕቶፑን ታቅፎ ቢሮዬ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማቅረብ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቫይረስ ቢያስመርረው ዴቢያን ሊኑክስን ጭኖ ነበር፤ ዋይፋዩ ግን ከናካቴው ጠፋበት። «ዶክተር፣ ሊኑክስ ይህን ማሽን አይደግፈውም አሉኝ፤ ፎርማት አድርጌ ወደ ድሮው ልመልሰው ነው» አለኝ። እነማን እንዳሉት ብጠይቀው «ሁሉም» ሲል መለሰልኝ።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ «መሣሪያው አይሠራም» ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። የኃይል ምንጩ ነው? ገመዱ ነው? ወይስ መለኪያው? ብሎ ይጠየቃል። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን ያው ተማሪ፣ እኛ መምህራኑም ጭምር፣ ይህን ልማድ ደጅ ትተነው እንገባለን።

ተርሚናሉን አብረን ከፈትን። በላፕቶፕ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የፒሲአይ ካርድ ሁለት መለያ ቁጥሮች አሉት፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው ሲሆን ሁለቱም ባለ 4 አሃዝ ሄክሳዴሲማል ናቸው። (የኢንቴል መለያ 8086 መሆኑ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውን ዝነኛ ፕሮሰሰሩን ለሚያስታውስ ሰው ፈገግ ያሰኛል።) ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ ካርዱን ከነቁጥሩ፣ ድራይቨሩንም ከነስሙ አሳየን። እንግዲህ ካርዱ አልሞተም፤ ከርነሉም ያውቀዋል ማለት ነው። የቀረው ከርነሉ ሲነሣ የመዘገበውን ማንበብ ነበር። ዲሜሴጅ ካወጣቸው ብዙ መስመሮች መካከል አንዷ «ፈርምዌሩን መጫን አልተቻለም፤ ስሕተት −2» የሚል ትርጉም ነበራት። በሊኑክስ ዘንድ የስሕተት ቁጥር 2 ፍቺው የታወቀ ነው፤ የተፈለገው ፋይል የለም። የፋይሉም ስም እዚያው ተጽፏል። ማሽኑ «አልደግፍም» አላለም፤ «ይህን አምጡልኝ» ነው ያለው።

ፈርምዌር ካርዱ ውስጥ ላለው አነስተኛ ፕሮሰሰር የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ክፍት ምንጭ ሆኖ ሳለ ፈርምዌሩን ግን አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ዘግተው ያወጡታል። ዴቢያንም በነፃነት መርሁ ምክንያት እንዲህ ያለውን ፋይል በዋናው መጫኛው ውስጥ አያካትትም ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ2022 እ.ኤ.አ. አባላቱ ድምፅ ከሰጡበት በኋላ፣ በ2023 በወጣው 12ኛው ዕትም ነው። ስለዚህም ተማሪዬ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ሆኖ ነበር፤ ኔትወርኩን የሚከፍተው ፋይል ያለው ኔትወርኩ ላይ ነው። ፋይሉን ከእኔ ኮምፒውተር በፍላሽ ዲስክ ወስደን ቦታው ላይ አኖርነው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም።

በሳምንቱ ሌላ ላፕቶፕ መጣ። ይህኛው «የተበላሸ» ተብሎ ወደ ንብረት ክፍል ሊመለስ ቅጽ ተሞልቶለታል። ጥፋተኛዋ ከጎኑ ያለች፣ ጥፍር የምታህል የዋይፋይ ማጥፊያ ነበረች።

ይህን ስል ከክፍት ምንጭ አፍቃሪዎች ጋር «ሁሉም ነገር ይሠራል» እያልኩ አይደለም። አይሠራም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ኤንቪዲያን በአደባባይ ሲዘልፍ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኩባንያው የከርነል ሞጁሎቹን ምንጭ የከፈተው በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት መካከል ማሽን የገዛ ሰው በትዕግሥት ብቻ የሚያሸንፈው ችግር አልነበረም።

ለዚህ ነው ጉዳዩ ከግዥው ይጀምራል የምለው። በየጊዜው ባየኋቸው የጨረታ ሰነዶች ላይ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ የሜሞሪውና የዲስኩ መጠን ይዘረዘራል፤ ስለ ዋይፋይ ካርዱ አንድም ቃል የለም። ተረካቢው ኮሚቴ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ዲስክ ይዞ ቢገኝ፣ የማሽኑን ዲስክ ሳይነካ አስነሥቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን ከመፈረሙ በፊት መፈተን ይችላል። ወጪው አንድ ፍላሽ ዲስክ ነው።

ሁለተኛው ነገር የእኛ የመምህራኑ ነው። በውጭ አገር ዶክትሬቴን ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ የተበላሸ ማጉያ መጠገን ሆነ፤ በወቅቱ እንደ ንቀት ቆጥሬው ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራ ኮርሳችን ነጥብ የምንሰጠው ለትክክለኛ ውጤት ነው፤ ብልሽቱን ደረጃ በደረጃ አጥብቦ ላገኘ ተማሪ የተመደበ ነጥብ የለንም። ቢያንስ ከመቶ አሥሩ ለዚህ ቢውል እኔ እደግፋለሁ።

ተማሪዬ ጽሑፉን በቀኑ አቀረበ። የላፕቶፑ የጣት አሻራ ማንበቢያ ግን እስከ መጨረሻው አልሠራለትም፤ አምራቹ የአሠራር ሰነዱን ይፋ አላደረገውምና።