ቀስ ብሎ የሚነዳው ይምራን

በዚህ ወር አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፦ ለገና ወይም ለልደት ለልጃችሁ የገዛችሁት ብስክሌት አሁን የት ነው ያለው? ጋራዥ ውስጥ፣ ከጤፉ ከረጢት ጀርባ፣ ጎማው ተንፍሶ ካልሆነ እሰየው ነው። ዳሊ ሲቲ ደግሞ ሰበብ አታሳጣም። መንገዱ ዳገት፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ፣ መኪናው አይጣል! ልጅን ብቻውን "ሂድ ንዳ" ማለት ያስፈራል። አባት ቅዳሜም እሑድም ሥራ ላይ ነው። እናት ደግሞ... ወደ እናት እመለሳለሁ።

እኔ የምለው፣ ለምን በሳምንት አንድ ቀን አብረን አንነዳም? ክለብ አይደለም፣ ውድድር አይደለም፣ መዋጮም የለውም። ሦስት አራት ቤተሰብ ይበቃል። መጀመሩ አይከብድም፤ ስድስተኛው ሳምንት ላይ መድረሱ ነው የሚከብደው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው ቀኑ ሲለዋወጥና ፈጣኖቹ ሌላውን ጥለው ሲሄዱ ነው።

ቀኑን እንደ ዕቁብ ቀን ያዙት። በዕቁብ "ዛሬ ሰው ስላልሞላ ይቅር" የሚባል ነገር የለም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚሄድ አለ፣ ዓርብ ጁምዓ ያለበት አለ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለብዙው ሰው የሚመች ይመስለኛል። ሰዓቱን ስትነግሩ በሁለቱም አቆጣጠር ንገሩ፦ በአሜሪካ 3 ሰዓት፣ በእኛ 9 ሰዓት። አለዚያ አያት "በ3 ሰዓት ተባለ" ብለው ከጠዋት ጀምረው ጫማቸውን አስረው ይጠብቃሉ። ስለ ሐበሻ ቀጠሮም አንዋሽ። 3፡00 መሰብሰቢያ፣ 3፡20 መነሻ በሉ፤ 3፡20 ሲሆን ግን እውነት ተነሱ።

የት? ለጀማሪ ሌክ መርሴድን የሚያህል አላገኘሁም። ከዳሊ ሲቲ ወደ ሰሜን ወሰኑን እንደተሻገራችሁ ነው። ሐይቁን የሚዞረው አስፋልት 4.5 ማይል፣ ማለትም 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እግረኛም፣ ውሻም፣ የሕፃን ጋሪም ስለሚሄድበት በዝግታ ነው የሚነዳው፤ ለእኛ ዓላማ ይኸው ነው የሚስማማው። ዙሪያ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ የዘገየ ሰው በተቃራኒው አቅጣጫ ቢነሳ መንገድ ላይ ያገኛችኋል። ከኦክላንድ በባርት ለምትመጡ፣ ብስክሌት ይዞ መሳፈር ይቻላል፤ የመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ ብቻ አይገባም።

ልጆቹ ሲጠነክሩ ወደ ሰንሴት ዱንስ ውሰዷቸው። የሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በኖቬምበር 2024 ድምፅ ሰጥተው ለመኪና የተዘጋው የግሬት ሃይዌይ ክፍል ነው፤ በኤፕሪል 2025 ፓርክ ሆኖ ተከፈተ። 2 ማይል ያህል ሜዳ፣ በአንድ በኩል ውቅያኖስ። ነፋሱ ግን ቀልድ አያውቅም፣ ጃኬት ያዙ። ለሳን ሆዜ ቤተሰቦች መካከለኛ የሚሆነው በሳን ማቴዎ ካውንቲ ያለው ካኛዳ ሮድ ነው፤ በአብዛኛው እሑድ ከጠዋቱ 9 እስከ ከሰዓት 3 (በአሜሪካ አቆጣጠር) የመንገዱ አንድ ክፍል ለመኪና ይዘጋል። ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከፊት የሚነዳው ማን ይሁን? ብዙ ሰው ጎበዙን ያስቀድማል። እኔ ግን ጎበዙን መጨረሻ ላይ አድርጉት እላለሁ። ከፊት ቀስ ብሎ የሚነዳው ይሁን፤ የስምንት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ወይም ትናንት የተማረች እናት። ማንም ከፊተኛው አይቀድምም፣ ማንም ከኋለኛው አይዘገይም። ኋለኛውን ደጀን በሉት፤ ጎማ መንፊያ፣ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ፕላስተርና ስልክ የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ሰው ቢቆም ደጀኑም ይቆማል። መቆሚያ ቦታዎችንም አስቀድማችሁ ወስኑ። ከ2007 ጀምሮ በወሩ ሦስተኛ ዓርብ ማታ የሚነዳው ሳን ሆዜ ባይክ ፓርቲ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ የሚጓዘው፣ በየመሐሉ በታወቀ ቦታ ቆሞ የተበተነውን እየሰበሰበ ነው። የእነሱ የማታ ጉዞ ለልጅ አይሆንም፣ ዘዴያቸው ግን ይሆናል። "ቀስ ስንል ሰለቸኝ" የሚል ጎረምሳ ካለ፣ ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ሁለተኛ ዙር ይምታ። ቡናው ይጠብቀዋል።

ወደ እናት ልመለስ። ብዙዎቻችን ባደግንበት ሰፈር ብስክሌት የወንድ ልጅ ነገር ነበር። ከሰፈር ልጅ በሳንቲም ተከራይቶ የሚነዳው ወንድሟ ነው፤ እሷ ቆማ ታያለች። (የባሕር ዳር ልጆች "እኛጋ እንዲህ አልነበረም" ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ።) ዛሬም ፓርክ ሄዳ ቦርሳና ጃኬት ጠባቂ ትሆናለች። "በዚህ ዕድሜዬ ወድቄ ሰው ይሳቅብኝ?" ትላለች። ለእሷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ድረሱ። ሁለቱንም ፔዳሎች በ15 ቁጥር ቁልፍ ፍቱ፤ የግራው የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፣ እንዳትታገሉት። መቀመጫውን ሁለት እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አድርጉ። ከዚያ በእግሯ እየገፋች ትሂድ። ማንም ከኋላ አይያዛት፤ የተያዘ ሰው ሚዛን አይማርም። ዓይኗ ጎማው ላይ ሳይሆን ሩቅ ይይ። እግሯን አንስታ አሥር ሜትር ከተንሸራተተች ፔዳሉን መልሱላት።

አስተማሪዋ ልጇ ቢሆን ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም ለእናቱ የሚያስተረጉም ልጅ፣ እዚህ ላይ በአማርኛ ማዘዝ አለበት፦ "እማዬ፣ ፍሬን ያዢ! መሪውን ቀጥ አድርጊ! ቁልቁለት ነው፣ ቀስ!" ቤት ውስጥ "አማርኛ ተናገር" እየተባለ ዝም የሚል ልጅ፣ እናቱ ወደ አጥር ስትሄድ ቃሉ እንዴት ቶሎ እንደሚመጣለት ታያላችሁ።

ሄልሜት ላይ ድርድር የለም። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ማድረግ አለበት፣ ከኋላ የሚፈናጠጠው ሕፃንም ጭምር። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይቀመጥ፤ ወደ ማጅራት የተገፋ ሄልሜት ግንባርን አያድንም። ሹሩባ የተሠራችን ልጅ ከኋላ ያለውን ማጥበቂያ አላሉላት። ነጠላ መኪና ውስጥ ይቅር፣ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ ደፍኖ መንዳትም በሕግ ክልክል ነው።

ልጆች፣ ይቺ ደግሞ የእናንተ ናት። በምሥራቅ ኦክላንድ ታይሮን ስቲቨንሰን የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር የአሮጌ ብስክሌት ጎማዎችን በፎይል፣ በቀለምና በከረሜላ መጠቅለያ ማስጌጥ ጀመረ። "ስክሬፐር ባይክ" ይባላል። በ2007 ቪዲዮአቸው በኢንተርኔት ተሰራጭቶ ታወቁ፤ ተሰልፈው አንድ በአንድ ነው የሚነዱት። ዛሬ ኦክላንድ 90ኛ አቬኑ ላይ በስማቸው የተጠራ የብስክሌት መንገድ አለ። ስለዚህ አሮጌ ብስክሌት ብላችሁ አትፈሩ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቴፕ ከየትም አይጠፋም፤ ፍሬኑ የሚይዝበትን ቦታ ብቻ አትለጥፉበት።

"ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው" የሚል አጎት ካለ፣ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደውሉና ስለ "መንገድ ለሰው" ጠይቁ። ከኅዳር 2011 (በአሜሪካ ዲሴምበር 2018) ጀምሮ በተመረጡ እሑዶች መንገድ ለመኪና እየተዘጋ ትልቁም ትንሹም በእግሩም በብስክሌትም ሲወጣበት ነበር።

ከዙሩ በኋላ ያለውን አታሳጥሩት። ፔርሙዙ በተራ ይግባ፤ አንድ ሳምንት የእናንተ፣ አንድ ሳምንት የጎረቤት። ቆሎ ያዙ፣ ጾም ቢሆንም ባይሆንም ማንንም አያስቀይምም። ዝናብ ከሆነ አትንዱ፣ እርጥብ አስፋልት ለጀማሪ አይሆንም። ግን በ3 ሰዓት እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ተገናኙ፣ መኪና ውስጥ ቡናችሁን ጠጡና ወደ ቤት ግቡ።