«ገና ልጅ ነሽ» ምርመራ አይደለም

ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ቁጣዬም በእኛው በባለሙያዎቹ ላይ ነው።

በየዓመቱ ኦክቶበር ሲመጣ ሮዝ ሪባን አድርገን «40 ዓመት የሞላሽ እህቴ፣ ማሞግራፊ ተነሺ» እንላለን። ምክሩ ስህተት የለውም። የአሜሪካው አማካሪ ቡድን ራሱ ለአብዛኛዋ ሴት ከ50 ይጀመር ሲል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው ወደ 40 ያወረደው። ግን ምክሩ የተጻፈው ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ነው፣ ያውም ማሽኑ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር። እኛ ጋ የምትመጣው እኮ እብጠቱን በእጇ ዳብሳ ያገኘችው ናት!

አንዷን ልንገራችሁ። የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ 34 ዓመቷ፣ የምታጠባ እናት። እብጠቱን አግኝታ አንድ ጤና ተቋም ሄደች። «ገና ልጅ ነሽ፣ ወተት ቋጥሮ ነው» ተብላ ማስታገሻ ይዛ ተመለሰች። ጡቷን የነካ ባለሙያ የለም። እኔ ጋ ስትደርስ 8 ወር አልፎ ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ወጥቶ ነበር። በመሀል ጸበል ሄዳለች፤ እሱን አልቃወምም፣ ጸበሉና ናሙናው አብረው ይሄዳሉ። ርቀትም አላገዳትም፤ ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ጉለሌ ነው። ያዘገያት «ልጅ ነሽ» የሚለው ቃል ነው።

በአገራችን በጡት ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በታች ናቸው። (አደጋው የሚጨምረው ከዕድሜ ጋር ነው፤ ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ነው ቁጥሩ እንዲህ የሆነው።)

ባልደረቦቼ «አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፣ ሁሉንም ሪፈር ብንል ሆስፒታሉ ይጨናነቃል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አብዛኛው አይደለም። የትኛው እንደሆነ ግን በዓይን አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ምልክት ይዛ የመጣች ሴት ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ ይላል። 8 ወር ስንት 60 ቀን ነው?

እንግዲህ ወደ ዕድሜው። ከ40 በታች ሆነሽ ምልክት ከሌለሽ በደፈናው ማሞግራፊ አያስፈልግሽም፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል ደህና አይታይም። እብጠት ካለ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ የመርፌ ናሙና። እናትሽ ወይም እህትሽ በወጣትነቷ ታማ ከነበረ ቀድመሽ ሐኪም አማክሪ። በ40ዎቹ ያላችሁ፣ አቅሙ ካለ በየሁለት ዓመቱ ተነሱ። ከ50 በላይ የሆናችሁ እናቶች፣ ማሞግራፊ ይበልጥ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው። ባይገኝ እንኳ የሠለጠነ እጅ ዋጋ አለው፤ ሙምባይ ውስጥ 20 ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ በየሁለት ዓመቱ በእጅ የተመረመሩ ከ50 በላይ ሴቶች ሞት 30 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም ያለው ፈሳሽ ወይም የተሰረጎደ ቆዳ አይተሽ በዕድሜሽ ሊመልሱሽ ቢሞክሩ ከወንበሩ አትነሺ። «ዶክተር፣ በእጅዎ ይመርምሩኝና አልትራሳውንድ ይጻፉልኝ» በይ።