«ለነቢ ፍቅር ነው» እያልን የአውራጁን ሐቅ አንብላ



የዓለም ዘፋኞች ገቢ ሲወራ ብዙዎቻችን «ሱብሐነላህ» ብለን እናልፋለን። የሙዚቃን ሑክም ለዑለሞቻችን እንተወውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን እንይ።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን የዘፈኖቹን መብት ለሶኒ ኩባንያ ሸጠ። ዋጋው 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘገበ፤ ፎርብስ መጽሔትም የዓመቱ ከፍተኛ ተከፋይ ሙዚቀኛ አለው። ልብ በሉ፤ ያን ሁሉ ያገኘው አዲስ ዘፍኖ አይደለም። የድሮ ሥራዎቹ ባለቤት ስላላቸው፣ ባለቤቱም ስለሚታወቅ ነው።

አሁን ወደ ማጀቴ እንመለስ። መውሊድ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲደገስ ሌሊቱን በድቤ የሚያነጋልን መንዙማ አውራጅ ነው። ድምፁ በስልክ ይቀረጻል፤ ጧት በየሚሞሪው ይጫናል፤ ከማጀቴ እስከ ሸዋሮቢት በየመኪናው ይሰማል። የጫነው ሒሳቡን ይቀበላል፣ በዩቲዩብ የለቀቀው ተመልካች ያገኛል። አውራጁስ? ስሙ እንኳ አይጻፍም።

ስንጠየቅ መልሳችን ዝግጁ ነው፦ «እሱ ለነቢ ፍቅር ነው የሚለው፤ ዱንያ አይፈልግም።» ወንድሞችና እህቶች፣ ኒያው የእሱና የአላህ ጉዳይ ነው። ሐቁን አፉ ማለትም የእሱ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ አዘዋል። ጉሮሮውን ሌሊቱን ሙሉ ያደከመ ሰው ከዚህ የሚወጣው በምን ምክንያት ነው?

የአገራችንም ሕግ ከእሱ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገቢ መብት በሕይወት እስካለ ለራሱ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። ይህ ማለት የቲም ልጆቹም በአባታቸው መንዙማ ላይ ሐቅ አላቸው ማለት ነው።

ሌላውን ብቻ አንወቅስም። በዚህ ገጽ ላይ መንዙማ ቆርጠን፣ የራሳችንን አርማ ለጥፈን፣ የአውራጁን ስም ሳንጽፍ የለቀቅንበት ጊዜ አለ። አጥፍተናል፤ አላህ ይማረን። ከዛሬ ጀምሮ ባለቤቱን ሳናስፈቅድ አንለቅም፣ ስሙንም ሳንጽፍ አናልፍም። በፊት በለቀቅናቸው ላይ የአውራጁን ማንነት የምታውቁ ጻፉልን፤ እናስተካክላለን፤ ባለቤቱ ካልፈቀደም እናነሳለን።

የመውሊድ ኮሚቴዎችና የሰርግ ባለቤቶችም አደራ! ለድንኳኑና ለሰንጋው ቀድመን እንደምንዋዋል ለአውራጁም ቀድመን እንዋዋል። «ኢንሻአላህ እናስብሃለን» ብሎ መሸኘት ክፍያ አይደለም።

የስፕሪንግስቲንን ሚሊዮኖች አንመኝላቸውም። ሐቃቸው ግን ሐቅ ነው።

አላህ ሐቅ ከመብላት ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።