«ለምን አልጮኽሽም?»

«ጮኸ» ሥራ የማይመርጥ ግስ ነው። ውሻ ይጮኻል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ባዶ ሆድ ይጮኻል። ሌባ የገባበት ሰው ይጮኻል፤ ፍርድ የተጓደለበትም «ሰሚ አጥቼ ስጮኽ ኖርኩ» ይላል። ሴት ስትናገርም... አዎ፣ ትጮኻለች!

አትሳቁ። እስቲ ታክሲ ውስጥ በመልስ ሲጨቃጨቁ ልብ ብላችሁ ስሙ። ወንዱ «ልክ ልኩን ነገረው» ይባልለታል። ሴቷ በዚያው ድምፅ ስትናገር «ምን ያስጮኻታል?» ነው። (እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር «ገለጸ»፣ «አስታወቀ»፣ «አሳሰበ» እያልን ተመረቅን። ዜና ላይ የሚጮኽ ሰው የለም።)

እኔ በልጅነቴ በጣም የሰማሁት ትእዛዝ «አትጩኺ፣ ድምፅሽ ደጅ ድረስ ይሰማል» የሚለው ነው። የኔ ቢጤዎች እንደምታውቁት እርግጠኛ ነኝ። ታዲያ ሃያ ዓመት «አትጩኺ» የተባለች ልጅ አንድ ቀን ስትደፈር የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «ለምን አልጮኽሽም?»

ጥያቄው የቆየ ነው። ዘዳግም 22ን ክፈቱ። የታጨች ልጅ ከተማ ውስጥ ተገኝታ ካልጮኸች ከሰውየው ጋር ትወገራለች፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ጮኻ የሚያድናት አጥታ ነው ተብላ ትተዋለች። የኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንኳ እንዲህ አይልም። አንቀጽ 620 ኃይል መጠቀምን፣ ብርቱ ዛቻን፣ ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል ማድረግን ይዘረዝራል። ጩኺ የሚል የለበትም። እኛ ግን ቡና እየጠጣን አንቀጹን አሻሽለነዋል!

የሚገርመው አማርኛችን ራሱ መልሱን ያውቃል። «ክው አለች»፣ «ደርቃ ቀረች»፣ «አንደበቷ ተሳሰረ» የምንለው ለምንድን ነው? ሰው በጣም ሲደነግጥ ድምፁ እንደሚጠፋ ስለምናውቅ ነው። አጎታችን መኪና ሊገጨው ሲል ክው ብሎ ቢቀር «ለምን አልጮኽክም?» ብለን አንመረምረውም።

ደግሞስ ስትጮኽ ማን ወጣ? «የባልና ሚስት ነገር ነው» ተብሎ ቴሌቪዥኑ ከፍ ይደረጋል። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በቅርቡ ሌሊት ከኛ በላይ ካለው ፎቅ ሴት ጮኸች፤ ሁለት ጊዜ። ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ቁልፉን ያዝኩና ተመለስኩ። ጠዋት ደረጃ ላይ ተገናኘን። ሻርፗን እስከ አገጯ ጠምጥማዋለች። «ደህና አደርሽ?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።