ለሁሉም የሚነበብ የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ የየዕለት ሥራ ይጠይቃል

ሪያድ፦ ሳዑዲ ዓረቢያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚደነግገውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2008 አጽድቃለች። ስምምነቱ መረጃም ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1957 ለተመሠረተው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲና ለሌሎች የመዲናዋ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ የድረ ገጽን ይዘት ይመለከታል።

ተደራሽነት ግን ድረ ገጹ በተሠራበት ቀን የሚጠናቀቅ ሥራ አይደለም። ማየት የተሳነው ተማሪ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር ያነባል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስካን ተደርጎ እንደ ምስል ብቻ ሲለጠፍ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ፊደል ያጣል፤ የምዝገባው ቀንም ተማሪው ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ኃላፊነቱ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያውን የሚለጥፈው ሠራተኛም ነው፤ ማስታወቂያውን በጽሑፍ ማውጣት፣ ለምስሎችም መግለጫ መጻፍ ይጠበቅበታል።

ዓይነ ስውሩ ሶሓባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረድየላሁ ዐንሁ) ዕውቀት ፈልገው በመጡ ጊዜ የወረደችው ሱረቱ ዐበሰ ለሙስሊም ተቋማት ሁሉ ትምህርት ናት።