ስም ርስት አይሆንም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በዋልታ ባሕር ግርጌ ላለ ተራራ ግን ስም የሚያወጣለት ሰው ነው፤ ይኸውም ጥልቀቱን አስቀድሞ የለካ ሰው ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የሶቪየት ሊቃውንት በአውሮፕላን እየሄዱ በሰሜን ዋልታ ባሕር በረዶ ላይ እያረፉ ጥልቀቱን ሲለኩ፣ ከሳይቤሪያ ወገን ተነሥቶ ወደ ግሪንላንድና ወደ ካናዳ የሚዘልቅ የተራራ ሰንሰለት አገኙ። ርዝመቱ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕሩ ወለልም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በ18ኛው መቶ ዓመት ከዓሣ አጥማጅ ቤት ተወልዶ ታላቅ ሊቅ በሆነው በሎሞኖሶቭ ስም ጠሩት፤ ዓለምም ስሙን ተቀበለ።

ታዲያ ስም ያወጣ ሁሉ ባለርስት ነውን? አይደለም እንላለን። በዚያው አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ሩስያውያን በባሕር ሰርጓጅ ወርደው ከዋልታው ወለል ላይ ባንዲራቸውን ተከሉ፤ ባንዲራው ግን መብት አልሰጣቸውም። ሩስያም፣ ዴንማርክም፣ ካናዳም ሰንሰለቱ የምድራችን ተቀጥላ ነው በማለት ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሲዮን ማስረጃ አቅርበዋል። ኮሚሲዮኑ የሚመረምረውም የወለሉን ቅርጽና የአለቱን ዓይነት እንጂ ስሙን አይደለም።

ስለዚህ ካርታ የሚያነብ ተማሪም ሆነ መዝገብ የሚይዝ ወጣት ሹም ይህን ያስተውል፤ ስም የድካም መታሰቢያ ነው፤ የባለቤትነት ጥያቄ ግን የሚመረመረው በልክና በማስረጃ ነው።